እንቁላሉ በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ስለታቀፈችው ነው

ልጄ ስድስት ወር ሲሞላው ያየውን ሁሉ በቀኝ እጁ መያዝ ጀመረ። የነጠላዬን ጥለት ሲጎትት በቀኙ፣ የአባቱን ጺም ሲይዝ በቀኙ፣ ሲኒ ላይ ሲንጠራራ በቀኙ። ቤታችን ተደሰተ። አማቴ በዚያ ሰሞን ከቦዲቲ በኩል ካለው ቀበሌያቸው ሊጠይቁን መጥተው ነበር። ጭናቸው ላይ አስቀምጠውት፣ «ቀኙን ከወዲሁ ያወቀ፣ የተባረከ ልጅ ነው» አሉ። እኔም ንቁ ልጅ ወለድኩ ብዬ ለሥራ ባልደረቦቼ አወራሁ። ግራ እጁ ግን አውራ ጣቱን ወደ ውስጥ አድርጎ እንደተጨበጠ ነበር። ገላውን ሳጥበው መዳፉን በግድ ፈልቅቄ ነበር የማጸዳው። መዳፉ ውስጥ ተጠቅልላ የማገኛት የጋቢ ብናኝ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለች። በየቀኑ አያታለሁ፣ በየቀኑ አጥባታለሁ፣ ምን እንደምትነግረኝ ግን አልሰማሁም።

ወላይታ ሶዶ ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። ልጅ የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ጤናማ ሕጻን አንድ ዓመት ሳይሞላው ሁለቱንም እጆቹን እኩል እንደሚጠቀም፣ ከዚያ በፊት አንዱን እጅ ብቻ መምረጥ የብልህነት ሳይሆን የሌላኛው እጅ የድረሱልኝ ጥሪ እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። ዛሬ ይህን የምጽፈው የእኔ ልጅ ታሪክ ስለተለየ አይደለም። ታሪኩ በየሰፈሩ ስላለ ነው። የዳሞታን ተራራ ዙሪያውን ብንዞር፣ ከሶዶ ዙሪያ እስከ ቦሎሶ ሶሬ፣ ከሁምቦ ቆላ እስከ ኪንዶ ኮይሻ፣ «ጊዜው ሲደርስ ይሄዳል፣ ጊዜው ሲደርስ ያወራል» ተብሎ የሚጠበቅ ልጅ የሌለበት ቀበሌ የምናገኝ አይመስለኝም።

ዘጠኝ ወር ሲሞላው ለኩፍኝ ክትባት ወሰድኩት። ሲቀመጥ ወደ ግራ ያጋድል ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ በግራ ጎኑ ይወድቃል። ክትባት ለምትሰጠው ባለሙያ ነገርኳት። እሷም ከበስተኋላዬ ያለውን ሰልፍ እያየች፣ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አትጨነቂ» አለችኝና ካርዱን ሞልታ መለሰችልኝ። አልቀየምኳትም። ክብደቱን እንድትመዝን፣ መርፌውን እንድትወጋ፣ ቀኑን እንድትጽፍ ነበር የተነገራት። ስለ እጁ እንድትጠይቅ ማንም አላዘዛትም። ቤት ስመለስ አማቴ በስልክ አጽናኑኝ፦ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።» እውነት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ጠበቅኩ። አራት ወር ጠበቅኩ።

በአሥራ ሦስተኛ ወሩ፣ ግራ ጎኑን መሬት ለመሬት እየጎተተ በቀኝ ክርኑ ብቻ ሲዳኽ ያየች አንዲት አስተማሪ ጓደኛዬ እጄን ይዛ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ መርምሮት ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከን። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ፣ ግድግዳው ላይ መስታወት፣ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ኳስ። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ድምፁ ዝግ ያለ ነው። ልጄን ፍራሹ ላይ አስቀምጦ የቁልፍ መያዣውን ከኪሱ አወጣና በልጁ ግራ በኩል ይዞ አንሿሿው። ልጄ ዓይኖቹ በሩ። ግራ እጁ ከቁልፉ አንድ ስንዝር አይርቅም። እሱ ግን መላ ሰውነቱን አዙሮ፣ ቀኝ እጁን በደረቱ ላይ አሻግሮ ቁልፉን ያዘ። ባለሙያው ቀኝ እጁን በቀስታ ይዞ ድጋሚ አንሿሿ። ልጄ ግራ እጁን ከመዘርጋት ማልቀስን መረጠ።

ሁሉም ነገር ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ታወቀ። ክትባት የምትሰጠው እህት ጋም ቁልፍ ነበር። እኔም ቤት ቁልፍ ነበረኝ።

ሐኪሙ ያስረዳን እንዲህ ነው፦ የልጁ አንጎል ቀኝ ጎን፣ ምናልባት ገና ሳይወለድ ወይም በተወለደ ሰሞን፣ ጉዳት ደርሶበታል። የቀኝ አንጎል የግራ እጅና እግርን ስለሚያዝ ጉዳቱ በግራ በኩል ወጣ። የሕክምና ስሙ ሴሬብራል ፓልሲ ነው። በሽታው አይዛመትም፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የሰው ዓይን አይደለም፣ እርግማን አይደለም፣ እናት በእርግዝናዋ የሠራችው ጥፋትም አይደለም። የተጎዳው የአንጎል ክፍል አይመለስም፤ ግን የሕጻን አንጎል እያደገ ያለ አንጎል ስለሆነ በተደጋጋሚ ሥራ አዲስ መንገድ ማበጀት ይችላል። መንገዱ የሚበጀው በመመላለስ ነው፤ ሰው የማይሄድበት መንገድ ሣር እንደሚበቅልበት ሁሉ ልጁ የማይጠቀምበት እጅም ከአንጎሉ እየተረሳ ይሄዳል። ስለዚህ ወራት ዋጋ አላቸው።

እኔ ልጄን በየሳምንቱ እያመጣሁ ባለሙያው «የሚሠራው» መስሎኝ ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር አስላልኝ። «እህቴ፣ ሳምንት 168 ሰዓት አለው። እኔ ጋ የምትመጪው ለግማሽ ሰዓት ነው። 167 ሰዓት ተኩሉ የናንተ ነው። እኔ ልጁን አልሠራውም፤ እናንተን ነው የማሠለጥነው።» ከዚያም ዱቄት ስለምንፈጭበት፣ ገላ ስለምናጥብበት፣ ልጁ ማን ጋ እንደሚውል፣ ምን መብላት እንደሚወድ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ጥያቄው ገረመኝ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሕክምናውን የሚያስገባበት በር እየፈለገ ነበር።

የገባበት በር ስኳር ድንች ነበር። በእኛ አገር ስኳር ድንች የሌለበት ቤት የለም። የተቀቀለ ስኳር ድንች ልጣጩ እንዲወልቅ አንዱ እጅ መያዝ፣ ሌላው እጅ መላጥ አለበት። በአንድ እጅ አይላጥም። ባለሙያው፣ «ግራ እጁ ይያዝ፣ ቀኙ ይላጥ። ስትልጪለት የነበረውን ተይው» አለኝ። የመጀመሪያው ቀን ድንቹ ሦስት ጊዜ ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጄ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው አለቀስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግራ እጁ ድንቹን ከጉልበቱ ጋር አጣብቆ ያዘው። በሁለተኛው ወር መዳፉ ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ትምህርት ቤት ሆነ። ቆጮ በሁለት እጅ ይቆረሳል። ኩባያ በሁለት እጅ ይያዛል። በጨርቅ የተሠራች ኳስ በሁለት እጅ ትወረወራለች። ገላውን ካጠብኩት በኋላ፣ ሰውነቱ ገና ሞቅ እንዳለ፣ ጉልበቱን ቀጥ አድርጌ የግራ እግሩን መዳፍ ወደ ላይ እየገፋሁ እስከ ሠላሳ እቆጥራለሁ፤ ጅማቱ እንዳይኮማተር። በወላይትኛ ነው የምቆጥረው፤ አሁን እሱም አብሮኝ ይቆጥራል። በቀን ለሃያ ደቂቃ ያህል ደግሞ ቀኝ እጁን በካልሲ ሸፍኜ በግራው ብቻ እንዲጫወት አደርጋለሁ። ይህን ባለሙያው አሳይቶኝ፣ ጊዜውን ወስኖልኝ፣ በየወሩም እያየው ነው። ባለሙያ ያላየውን ልጅ እንዲህ አድርጉት አልልም።

ባለቤቴ አናጺ ነው። መጀመሪያ ላይ ዝም አለ። የአባት ዝምታ በእኛ ዘንድ ብዙ ይሸፍናል፦ ሐዘንን፣ እፍረትን፣ «ምን ላድርግ» የሚለውን ጥያቄ። ባለሙያው አንድ ቀን አብሮኝ እንዲመጣ ጠየቀና መስታወቱ ፊት ያለውን የመደገፊያ ብረት አሳየው። «እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ትችላለህ?» አለው። በዚያው ሳምንት ባለቤቴ ጓሯችን ውስጥ በእንሰቶቹ መሀል ሁለት የባሕር ዛፍ አግዳሚዎች በልጁ ደረት ልክ ተከለ። ማታ ከሥራ ሲመለስ ልጁ በአንዱ ጫፍ፣ እሱ በሌላው ጫፍ ይቆማሉ። ለእግሩ ድጋፍ ለማሠራት አርባ ምንጭ ወደሚገኘው የአካል ተሃድሶ ማእከል የወሰደውም እሱ ነው፤ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ልጁን ታቅፎ። ልጃችን በሃያ ሁለተኛ ወሩ አግዳሚውን ለቅቆ አራት እርምጃ ሄዶ አባቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። ዛሬ ስድስት ዓመቱ ነው። ግራ እግሩን ትንሽ ይጎትታል፤ በቆሎ ይፈለፍላል፤ የጫማውን ክር ለማሰር ገና እየታገለ ነው፤ ትምህርት ቤት ይሄዳል።

ይህ የአንድ ቤት ዕድል ብቻ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም። ስለዚህ ለዞናችን፣ ለጤና ቢሮዎቻችን፣ ለእድሮቻችን፣ ለእምነት ተቋሞቻችንና ለወላጆች የምለው አለኝ።

የልጅ እድገት ሕክምና ከሆስፒታል ክፍል ውጭ የሚኖር ነገር ነው። ይህን የምለው ከራሴ ቤት ብቻ ተነስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 87 ሳሊ ግራንታም-ማክግሬገር የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በጃማይካ ዋና ከተማ በኪንግስተን ድሃ ሰፈሮች 129 የቀነጨሩ ሕጻናትን መዘገቡ። ከፊሎቹ ቤት የሰፈር ጤና ረዳቶች በሳምንት ለአንድ ሰዓት ያህል እየሄዱ ከእናትና ከልጅ ጋር ይጫወቱ ነበር፤ መጫወቻዎቹም ከተጣሉ ዕቃዎች በእጅ የተሠሩ ነበሩ። ሥራው ለሁለት ዓመት ቆየ። ከሃያ ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያን ልጆች ፈልገው ሲያገኟቸው፣ በጨዋታው ያደጉት ጨዋታው ካልደረሳቸው የቀነጨሩ እኩዮቻቸው በ25 በመቶ የሚበልጥ ገቢ ያገኙ ነበር። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ በተጣለ ዕቃ፣ ሐኪም ባልሆነ ሰው።

በአገራችንም ጂማ ላይ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ መንገድ ሞክረዋል። መጀመሪያ የሕጻናትን እድገት የሚለካ የውጭ መመዘኛ ወስደው የእኛ ልጆች የማያውቋቸውን ዕቃዎችና ጥያቄዎች ለጂማ ኑሮ እንዲስማሙ አደረጉ፤ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። ቀጥለው በከባድ የምግብ እጥረት ሆስፒታል በተኙ ከስድስት ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ በጨዋታ የተመሠረተ እንክብካቤ ከምግቡ ጎን ሰጥተው፣ በቤታቸውም ተከታትለው በእንቅስቃሴ ክህሎታቸው ላይ መሻሻል አዩ። በሰቆጣ ቃል ኪዳን መቀንጨርን እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቆም የተነሳን ሕዝብ ነን። ምግቡ የግድ ነው። ነገር ግን የተመገበን ልጅ ካላነጋገሩት፣ ካላጫወቱት፣ እጁን ካልዘረጋ ግማሽ ሥራ ይቀራል።

እኛ ወላይታዎች ይህን ዓይነት ነገር ከዚህ በፊት ሠርተን አሳይተናል። ዝሆኔን አስታውሱ፤ ሰፈር ውስጥ «ሞሲ ፉት» የምንለውን። ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት በዞናችን የተደረገ ጥናት ከመቶ ሰው አምስት ያህሉ እግሩ አብጦ እንደሚኖር አሳይቶ ነበር። ሕመምተኛው እንደተረገመ ይቆጠር ነበር፤ ልጁን የሚያገባ ይጠፋል፣ ለቅሶ ቤት ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1960ዎቹ በየገበያው እየዞረ ያበጡ እግሮችን ቆጥሮ፣ አፈሩን መርምሮ፣ ምክንያቱ በባዶ እግር ሲረገጥ ወደ ቆዳ የሚገባው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር እንደሆነ አስረዳ። ከዚያ ሶዶ ላይ የሞሲ ፉት ማኅበር ተቋቋመ። መድኃኒቱ ምን ነበር? ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት በረኪና፣ ቅባት፣ ካልሲና ጫማ፤ በየቀኑ፣ በራስ ቤት፣ በራስ እጅ። አስተማሪዎቹስ እነማን ነበሩ? በሽታው ቀሎላቸው የሠለጠኑ የሰፈራችን ሰዎች ጭምር። «እርግማን ነው» የተባለው በሳሙና ታጥቦ ሲለቅ ዓይናችን አየ።

የልጆቻችንም ጉዳይ እንዲህ ነው። ባለሙያ እስኪበዛ እንጠብቅ ካልን አንድ ትውልድ ያልፋል። በአገራችን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ልጅ መብላትን፣ መልበስን፣ መጫወትን እንዲለማመድ የሚረዳው የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ላይ በዲግሪ ደረጃ የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ለማግኘት ከወላይታ ብዙ ቤተሰብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ አዲስ አበባ ይሄዳል። እነዚህ ባለሙያዎች እንዲበዙ እንጩህ። እስከዚያው ያሉት ባለሙያዎች ልጅን ብቻ ሳይሆን ወላጅን፣ የሠለጠነ ወላጅም ሌላ ወላጅን ያሠልጥን።

መጀመሪያ ግን ልጆቹን በጊዜ ማግኘት አለብን። ለዚህ አዲስ ሕንጻ አያስፈልግም። እናት ልጇን ይዛ በራሷ እግር የምትመጣበት ቀን አለ። ሲወለድ ትመጣለች፤ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ለክትባት ትመጣለች፤ በስድስት ወሩ ለቫይታሚን ኤ፤ በዘጠኝ ወሩና በአሥራ አምስት ወሩ ለኩፍኝ። ሰባት ቀጠሮ። ከስድስተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀጠሮው ከአንድ እስከ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይጠየቅ፤ በክትባት ካርዱ ላይም ለመልሱ ቦታ ይኑር።

በስድስተኛውና በአሥረኛው ሳምንት፦ ፊትሽን ያያል? ድምፅ ሲሰማ ይደነግጣል ወይም ዝም ይላል? ፈገግ ማለት ጀምሯል? በአሥራ አራተኛው፦ ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ ለመያዝ ይሞክራል? እጆቹ ይከፈታሉ ወይስ ሁልጊዜ እንደተጨበጡ ናቸው? በስድስት ወሩ፦ ሁለቱንም እጆቹን ይዘረጋል? በዘጠኝ ወሩ፦ ሳይደገፍ ይቀመጣል? ስሙን ስትጠሪው ይዞራል? «ባባባ፣ ዳዳዳ» ይላል? በአሥራ አምስት ወሩ፦ ይዞ ይቆማል ወይም ይሄዳል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? አንድ ቃል አለው? የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ባደረገው ክትትል ጤናማ ልጆች ከሞላ ጎደል ሁሉም እስከ አሥራ ስምንት ወር ድረስ ያለ ድጋፍ ሄደዋል። በአሥራ ስምንት ወሩ ያልሄደ ልጅ ይታይ። ያውቀው የነበረውን ቃል ወይም እንቅስቃሴ የረሳ ልጅ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ ሳይውል ሳያድር ይታይ።

መልሱ «አይ» ሲሆን እናትን ማስፈራራት አያስፈልግም፤ ብዙዎቹ ልጆች ምንም ላይኖርባቸው ይችላል። «እስቲ ባለሙያ ይየው» ብሎ መላክ ብቻ ነው። ሳያስፈልገው የታየ ልጅ የሚያጣው ግማሽ ቀን ነው። ሲያስፈልገው ያልታየ ልጅ የሚያጣውን እኔ አውቀዋለሁ።

የጤና ባለሙያዎቹ ሥራ በዝቶባቸዋል የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን የማይሸከሙት ሸክም የለም። ስለዚህ ሁሉንም እነሱ ላይ አንጫን። ልጇን በቤቷ አሠልጥና ለውጥ ያየች እናት በየቀበሌው አንዳንድ ብትገኝ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ የምትልከው ወደ እሷ ይሆናል። የአበል ጉዳይ ይታሰብበት፤ ነፃ ጉልበት ከእናቶች ብቻ መጠየቅ ልማዳችን ሆኗልና። አዲስ አበባ ላይ በቀዳማይ ልጅነት መርሐ ግብር ቤት ለቤት እየሄዱ ወላጆችን የሚያማክሩ ሴቶች ተሠማርተዋል። ዋና ከተማው የጀመረውን ሶዶና አረካ፣ ቦዲቲና ገሱባ በራሳቸው አቅምና በራሳቸው ቋንቋ ሊጀምሩት ይችላሉ።

ቋንቋ ካልኩ አይቀር፣ በአስተማሪነቴ ዘወትር የሚገጥመኝን ላንሳ። ልጁ ቶሎ አላወራ ያለው ወላጅ፣ «ወላይትኛና አማርኛ ተደበላለቀበት፤ አንዱን እንተውለት» ይላል፤ ብዙ ጊዜ የሚተወው የእናቱን ቋንቋ ነው። አንዳንዱም ሁለቱንም ትቶ በእንግሊዝኛ ካርቱን ስልክ ይሰጠዋል። ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን ከመናገር አያዘገይም። የሚያዘግየው የሚያናግረው ሰው ማጣት ነው። ስልክ ያወራል እንጂ አይመልስም፤ ልጅ ደግሞ ንግግር የሚማረው ተናግሮ ሲመለስለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕጻናት ስክሪን ጨርሶ አይመከርም ብሏል። የእኔ ልጅ የመጀመሪያ ቃሉ «ሃታ» ነበር፤ ውሃ ማለት ነው። የተናገረው በጀሪካን ውሃ እየቀዳሁ በእያንዳንዱ ጣሳ «ሃታ፣ ሃታ» ስለምለው ነው። ከዚያ የበለጠ መሣሪያ አልነበረኝም።

ይህ ደግሞ ችግር ላለበት ልጅ ብቻ አይደለም። ማንኛውም ልጅ የሚያድገው በዚሁ ነው። ቡና ስትወቅጪ ምቱን አብሮሽ ያጨብጭብ። ጎመን ስትቀነጥሺ ቅጠሉን ይቁጠር። አባት እርሻ ሲሄድ ትንሽ ዱላ ያስይዘው፤ ወፏን፣ በሬውን፣ የእንሰቱን ቅጠል ስም እየጠራ ይለፍ። አያት ተረት ስትነግር መሀል ላይ ቆም ብላ «ከዚያስ?» ትበለው። ለአዲስ ዓመታችን ለጊፋታ ቤቱ በዘመድ ሲሞላ ልጁን ከጓዳ እናውጣው፤ የሚጎትት እግር ቢኖረውም ከእኩዮቹ ጋር ይጨፍር። የተደበቀ ልጅ አያድግም። ቤት ውስጥ ተዘግቶባቸው የሚውሉ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ ወላጆቻቸውን መክሰስ አይደለም ሐሳቤ፣ የጎረቤትን ዓይን ፈርተው ነው። ስለዚህ ዓይናችንን እኛ ጎረቤቶች እናስተካክል። «ምን ነካው?» ከማለት «ና፣ ከልጄ ጋር ተጫወት» ማለት ያድናል።

ያ የአማቴ ምሳሌያዊ አባባል ለብዙ ጊዜ ውስጤ ሲመላለስ ኖሯል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። እኔ «ቀስ በቀስ» የሚለውን ብቻ ነበር የሰማሁት። ግን ዶሮ ያረባ ሰው ያውቃል፤ እንቁላል መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ዓመት ቢጠብቁት አይሄድም፤ ይገማል። በእግሩ የሚሄደው ዶሮዋ ሃያ አንድ ቀን ታቅፋው፣ በምንቃሯ እያገላበጠች፣ ራሷ ሳትጠግብ እየተነሳች እየተመለሰች ስላሞቀችው ነው። አባቶቻችን ትዕግሥትን ሲያስተምሩን ሥራ የሌለበት ትዕግሥት አላስተማሩንም። መታቀፉን የረሳነው እኛ ነን።

ባለፈው ወር አማቴ ደወሉልኝ። ድምፃቸው ቸኩሏል። «ልጄ፣ የጎረቤታችን ሕጻን ሰባት ወሩ ነው። ቀኙን ብቻ ነው የሚዘረጋው። እናቱ ደስ ብሏታል፤ እኔ ግን ቁልፍ አንሿሽቼ አየሁት።» በማግስቱ እናትና ልጅን አስከትለው በመጀመሪያው መኪና ሶዶ መጡ። እኔ ከትምህርት ቤት ተፈቅዶልኝ ሆስፒታል ስደርስ ወረፋ ይዘው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ወጣቷ እናት ፈርታለች። አማቴ ሕጻኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ቀኝ እጁን በመዳፋቸው በቀስታ ሸፍነው፣ የቤታቸውን ቁልፍ በግራው በኩል ይዘው ይጠብቃሉ። አያወሩም፣ አይቸኩሉም። እኔ በቆምኩበት ከሕጻኑ ግራ ጣቶች አንዲት ጣት ብቻ ተዘረጋች።